የሚያስገባ እንጂ የሚያወጣ የለም

የፈተና ወረቀት እርማትና የአገራችን ሁኔታ ተባብረው ከጽሑፍ አርቀውኝ ስለቆዩ ለመዘግየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ስለ ምርጫ ወይም ስለ ሕገ መንግሥት አይደለም። አራት ሳንቲ ሜትር ርዝመትና ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላላት፣ ከክብሪት እንጨት ብዙም ስለማትለይ አንዲት ዘንግ ነው። በሴት ክንድ፣ ከቆዳ ሥር ትቀበራለች። የሕክምና ሰው አይደለሁም፤ የማስተምረው የሕዝብ አስተዳደር ነው። ይሁን እንጂ ይህች ዘንግ ስለ መንግሥታችን አሠራር ካነበብኳቸው ብዙ መጻሕፍት የበለጠ አስተምራኛለች።

በ2014 ዓ.ም. ለኢድ አልፈጥር ወደ ከሚሴ ወርጄ፣ ከዚያም ዘመድ ልጠይቅ ወደ ገጠሩ ዘለቅሁ። ምሳ በልተን ቡናው እንደተጀመረ የአክስቴ ልጅ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና የግራ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችልኝ። "አያ፣ ዶክተር ሆነሃል አይደል? በል ይችን አውጣልኝ" አለች። የቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። የእኔ ዶክተርነት የወረቀት እንጂ የምላጭ እንዳልሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከምሁ። ያመነችኝም አይመስለኝም፤ ሰባት ዓመት ተምሮ እሾህ የምታህል ነገር ማውጣት የማይችል ዶክተር ምን ያደርጋል?

ታሪኳ ይህ ነው። (ፈቃዷን ጠይቄ የምጽፈው ነው፤ ስሟን ግን አልጠቅስም።) የምትኖረው በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በአርጡማ ፉርሲ ወረዳ ነው። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ የመጀመሪያ ልጇን እያጠባች ሳለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤቷ ድረስ መጥታ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ አስረዳቻት። ልጅቷም በደስታ ተቀበለች። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፤ ማንም አላስገደዳትም። እናቷ፣ ማለትም አክስቴ፣ በላይ በላዩ እየወለደች፣ ከወለደቻቸውም ሦስቱን ቀብራ ያረጀች ሴት ናትና፣ ልጇ ከዚያ ዕጣ ማምለጥ ብትፈልግ የሚፈርድባት የለም። በማግስቱ ጤና ኬላ ሄደች። ኢምፕላኖን የምትባለው ዘንግ በግራ ክንዷ ገባች። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። የገባበትና የሚወጣበት ቀን የተጻፈባት፣ በእንግሊዝኛ የታተመች ካርድ ተሰጣት። የአክስቴ ልጅ ያደገችው በኦሮምኛ ነው፤ ገበያ ስትወጣ አማርኛ ትጨምራለች፤ እንግሊዝኛ አታነብም። ካርዷን ከኒካሕ ወረቀቷ ጋር ሣጥን ውስጥ አስቀመጠቻት።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ሦስት ዓመቱ ሞላ። ልጇም ከፍ ብሏል፤ ሁለተኛ ልጅ አማራት። ወደ ጤና ኬላው ሄደች። "እኛ የምናስገባው ብቻ ነው፤ የሚያወጡት ጤና ጣቢያ ናቸው" ተባለች። ጤና ጣቢያው (የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ከሌሎቹ የባሰ ነው ብዬም አላምንም) ከቤቷ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። መጀመሪያ ስትሄድ ማውጣት የሠለጠነችው አዋላጅ ነርስ ስብሰባ ሄዳለች። ሁለተኛ ስትሄድ ነርሷ አለች፤ ማደንዘዣ የለም። ሦስተኛ ስትሄድ ሁለቱም ተገኙ፤ አሁን ደግሞ አንድ ወጣት ባለሙያ ጥያቄ አመጣ። ለምን ታስወጫለሽ? ደም በዝቶብሽ ነው? ሌላ ይተካልሽ? ባልሽ ያውቃል? ተማክረሽ ነይ። ይህን ስታጫውተኝ ያለችውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። "አያ፣ ሲያስገቡልኝ ባልሽ ያውቃል ወይ ያለኝ የለም፤ ላስወጣ ስል ነው ባል ያስፈለገው።"

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ከአጣዬ እስከ ከሚሴ ያለው አገር በግጭት ታመሰ፤ ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ፤ መንገድ ተዘጋ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ከሚሴ ደረሰ፤ ከተማዋ እስከ ኅዳር መጨረሻ ገደማ በትግራይ ኃይሎችና በኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ታጣቂዎች እጅ ቆየች። በወሎ ምድር ብዙ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ተሰባበሩ። አልጋና መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ ስለ አንዲት ዘንግ ማን ይጠየቃል?

ያን ዕለት እጅጌዋን የሰበሰበችልኝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔም አንዳንድ ጣጣ ይዞኝ ቆይቼ በ2015 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ወደሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኋት። ሐኪሙ ክንዷን ዳሰሰ፤ ዘንጓ አትገኝም። ደግነቱ አዲሱ የኢምፕላኖን ዓይነት በራጅ እንዲታይ ባሪየም ሰልፌት የሚባል ነገር ተጨምሮበታል፤ የቀድሞው ይህ አልነበረውም። ራጅ ስትነሣ ቀጭን ነጭ መስመር ሆና ታየች፤ ስትገባ ከሚገባው በላይ ጠልቃ ኖሮ ጡንቻ ውስጥ ናት። ለማስገባት አምስት ደቂቃ ያልፈጀችው ዘንግ ለማውጣት አንድ ሰዓት ያህል ወሰደች። የከፈልሁት ገንዘብ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ባልዋ "ይች ሴት ደርቃለች" ብሎ ሌላ ማግባቱ ነው።

እዚህ ላይ ለእውነት ሲባል መነገር ያለበት አለ። ይህች ዘንግ መርዝ አይደለችም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሆርሞን እየለቀቀች እርግዝናን ትከላከላለች፤ ከሚታወቁት የወሊድ መከላከያዎች ሁሉ እጅግ አስተማማኝ ከሚባሉት አንዷ ናት። ከወጣች በኋላ የመውለድ አቅም ፈጥኖ ይመለሳል። ካርዷ ላይ የሚጻፈው ሦስት ዓመት ቢሆንም፣ የዓለም ጤና ድርጅት በተለያዩ አገሮች ያካሄደው ጥናት እስከ አምስት ዓመት ድረስ እንደምትሠራ አሳይቷል። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ በሦስተኛው ዓመት ማግሥት ሥራዋን ያቆመች ዘንግ ይዛ አልዞረችም፤ ፈልጋ በነበረችባቸው ወራት ሁሉ ልጅ እየከለከለቻት የነበረች ዘንግ ይዛ እንጂ። መውለድ የማትፈልገዋም ብትሆን ያው ናት፤ አምስተኛው ዓመት አልፎ ስድስተኛው ሲመጣ፣ የሚያስታውሳት ከሌለ፣ የተጠበቀች እየመሰላት ታረግዛለች። ቀኑ ያለፈ ነገር ከሰውነት ውስጥ ሲቆይ ጉዳቱ ሁልጊዜ መመረዝ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ጉዳቱ ሌላ ሰው በሕይወትሽ ላይ የቀን መቁጠሪያውን መያዙ ነው።

እንግዲህ ወደ ፖሊሲው እንግባ።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው ተሰማሩ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ሆነ። የኢሕአዴግን መንግሥት በብዙ ነገር ነቅፌዋለሁ፤ ወደፊትም እነቅፈዋለሁ፤ ይህን ሥራ ግን አልነቅፍም። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ሺህ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2016ቱ ጥናት 412 ሆነ። ባለትዳር ከሆኑት ሴቶች ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት በ2000 ከመቶ 6 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 35፣ በ2019 ከመቶ 41 ደረሱ። እነዚህ ቁጥሮች የአክስቴ ዓይነት ሴቶች ሕይወት ናቸው፤ በዋዛ የሚታዩ አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ2009 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር አንድ ትልቅ ውሳኔ ወሰነ፤ ኢምፕላኖንን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ራሳቸው በጤና ኬላ እንዲያስገቡ። ሐሳቡ ደፋር ነበር፤ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ያልሞከሩት ነው። ሥልጠናው ግን ማስገባትን ብቻ የሚመለከት ነበር። ማውጣት የሚያስፈልጋት ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ትላክ ተባለ። በወረቀት ላይ ሲታይ ምክንያታዊ ነው። ዘንጓ ከፋብሪካ የምትመጣው መክተቻዋ ውስጥ ተጠቅልላ፣ ከጀርም ነጽታ፣ ለአንድ ጊዜ አገልግሎት ተዘጋጅታ ነው፤ ማሸጊያውን ቀድዶ መክተት ነው። ማውጣት ግን ማደንዘዣ ይፈልጋል፤ ምላጭ፣ መቆንጠጫ፣ ጓንት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የለመደ እጅ ይፈልጋል። መግቢያዋ ከውጭ አገር ታሽጎ በነጻ መጣ፤ መውጫዋ ግን ከጤና ጣቢያው መጋዘን እንዲገኝ ተተወ። መጋዘኑ ደግሞ ምን እንዳለው እናውቃለን።

እኔን እንደ አስተዳደር መምህር የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው። ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ድርቅም በትክክል አይታወቅም። የዚህች ዘንግ ቀጠሮ ግን ከገባችበት ሰዓት ጀምሮ የታወቀ ነው። በዚህ ዓመት አንድ ሺህ ሴቶች ካስገቡ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያስወጡት አንድ ሺህ ያህል ናቸው፤ ቀድመው የሚያስወጡትም አሉ። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ መቀነስና መደመር ይበቃል። የአምስት ዓመት እቅድ በአምስት ዓመት እቅድ ላይ ስንደራርብ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ይህን መደመር የደመረ ሰው እንዴት ጠፋ?

መልሱ፣ እንደሚመስለኝ፣ በምንቆጥረው ነገር ውስጥ ነው። በዓለም የቤተሰብ ምጣኔ ሥራ ዘንድ "የጥንዶች የጥበቃ ዓመት" የሚባል መለኪያ አለ። አንዲት የሦስት ዓመት ዘንግ ስትገባ 2.5 ዓመት ይመዘገባል፤ ጃዴል የምትባለው የአምስት ዓመቷ ስትገባ 3.8። ልብ በሉ፤ ሦስት ሳይሆን 2.5፣ አምስት ሳይሆን 3.8 የሆነው አንዳንዶቹ ሴቶች ቀድመው እንደሚያስወጡ ስሌቱ ራሱ ስለሚያውቅ ነው። የሒሳቡ ሰዎች የሴቲቱን ሐሳብ መለወጥ አስቀድመው ቀንሰውታል። ሐሳቧን ስትለውጥ ማን እንደሚያወጣላት ግን የእነሱ ሥራ አልነበረም። ዘንጓ በገባችበት ቀን ነጥቡ ሙሉ በሙሉ ይያዛል፤ ስትወጣ ግን የሚያዝ ነጥብ የለም። በቀበሌ ግምገማ ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ "ይህን ያህል አስገባን" ያለ ይጨበጨብለታል፤ "ይህን ያህል አወጣን" ያለ ደግሞ ለምን ተብሎ ይጠየቃል። ያ ወጣት ባለሙያ የአክስቴን ልጅ ሲመረምራት ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ያደገበት ግምገማ እንዲያ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ክኒን የምትወስድ ሴት ስታቆም ታቆማለች። በየሦስት ወሩ መርፌ የምትወጋዋ ቀጠሮዋን ብትተው ነገሩ ያበቃል። በክንድ የሚቀበረውና በማኅፀን የሚቀመጠው ሉፕ ግን መውጫቸው በሌላ ሰው እጅ ነው። እኛ የዚህ አገር ምሁራን ስለ አንቀጽ 39 ስንከራከር፣ የገባ ይውጣ አይውጣ ስንባባል ጸጉራችን ሸበተ፤ ከአንዲት ሴት ክንድ ስለ መውጣት ግን ለአንድ ቀን እንኳ ተከራክረን አናውቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል የአገሬ ሰው። ይህኛው በሩጫ የታጠቅነው አልፈታ ያለን ነው።

ከዚህ የሚወለደው ወሬ ደግሞ የታወቀ ነው። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአማራ ሕዝብ ቁጥር ከተጠበቀው በ2.4 ሚሊዮን ያህል አንሶ መገኘቱ ፓርላማ ድረስ ከቀረበ ወዲህ፣ "መከላከያው እኛን ለመቀነስ ነው" የሚለው ጥርጣሬ በክልሉ አልጠፋም። በኛ ዞን ስትመጡ ደግሞ ያው ወሬ ልብሱን ይለውጣል፤ ኦሮሞን ለመቀነስ ነው የሚል አለ፤ ሙስሊሙን ለመቀነስ ነው የሚልም አለ። ዘንጓ አንድ ናት፤ በሦስት ቋንቋ ትታማለች። እኔ ይህን ወሬ አላምነውም። ነገር ግን ሦስት ጊዜ ሄዳ "ዛሬ አይወጣም" የተባለችን ሴት ወሬውን አትመኚ ብዬ የምሟገትበት አንደበት የለኝም። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. በ2016 ከባለትዳር ሴቶች ከመቶ 47ቱ ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ ይህ ሁሉ እምነት የተገነባው በነዚያ የቀበሌ ሴቶች እግር ነው። የሚፈርሰውም በዚያው መንገድ ነው፤ ስትፈልግ ያልወጣላት አንዲት ሴት ለመንደሩ ሁሉ ትናገራለች፤ ለመናገርም መብት አላት።

ይህ የኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። ኖርፕላንት የሚባለው የመጀመሪያው የክንድ መከላከያ ስድስት ዘንግ ነበረው። በኢንዶኔዥያና በባንግላዴሽ ያስገቡ ሴቶች ለማስወጣት ሲጠይቁ ጊዜው ገና ነው እየተባሉ መመለሳቸው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ብዙ ተጽፎበታል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ ዳኛ ልጆቿን የደበደበች እናት ከእስር እንድትቀልላት ይህንኑ እንድታስገባ አዘዘ። እዚያው አሜሪካ ብዙ ሴቶች፣ ሲወጣ ያደረሰባቸውን ሥቃይ ጨምረው በፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በ2002 ከገበያው ወጣ። በግሪንላንድ ደግሞ ከ1966 ጀምሮ የዴንማርክ ሐኪሞች በ4,500 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች ማኅፀን ሉፕ አስገቡ፤ ብዙዎቹ ፈቃዳቸው አልተጠየቀም፤ በማኅፀኗ ውስጥ መኖሩን ከብዙ ዓመት በኋላ ያወቀችም አለች። የዴንማርክ ጠቅላይ ሚኒስትር ሜተ ፍሬድሪክሰን ይቅርታ የጠየቁት በ2025 ነው፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ማለት ነው። በእኛ አገር ግዴታ ነበር እያልሁ አይደለም፤ ሁለቱን ማቀላቀል ሐሰት ይሆናል። ግን በሁሉም ቦታ አንድ ነገር ይደጋገማል፤ የሚያስገባው ተቋም ገንዘብና ችኮላ አለው፤ የሚያወጣው የለውም።

የ2017 ዓ.ም. ጥር ይህን በአደባባይ አሳየን። አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር የውጭ እርዳታን ባንድ ጊዜ አገደ። በደቡብ አፍሪካ እርግዝናንና ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሞከር ቀለበት በማኅፀን መግቢያቸው ያደረጉ ሴቶች ነበሩ፤ ሥራ አቁሙ የሚለው ትእዛዝ ሲደርስ ቀለበቱ ገና በሰውነታቸው ውስጥ ነበር። ባለሙያዎቹ ትእዛዙን ጥሰው ሴቶቹን እየጠሩ አወጡላቸው። በኛም አገር በዚያው እርዳታ ይከፈላቸው የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ተሰናበቱ። ዘንጎቹ ርካሽ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ2013 ለጋሾች ከፋብሪካዎቹ ጋር ተስማምተው ዋጋቸውን ከ18 ዶላር ወደ 8.50 ዶላር ባወረዱ ጊዜ ነው፤ የማውጣቱን ነገር የሚከታተል ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል የተቋቋመው ግን በ2015 ነው። ዋጋው ቀደመ፤ መውጫው ተከተለ። አሁን ደግሞ ከፋዩ ጥሎ ሄዷል። ለጋሽ ሲሄድ መኪናውንና ኮምፒውተሩን ቆጥሮ ያስረክባል። በክንድ ውስጥ ያሉትን ለማን አስረከበ?

በነገራችን ላይ፣ ማንም የማያነሣቸው ሌሎች አሉ፤ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት። ከከሚሴ፣ ከባቲ፣ ከሰንበቴ ስንት ልጃገረድ በሪያድና በጅዳ ቤቶች እንዳለች የማያውቅ ቤተሰብ በኛ አገር የለም። አንዳንዶቹ በመንገድ ላይ ሊደርስባቸው የሚችለውን እያሰቡ፣ ስሙን ሳይጠሩ፣ ክንዳቸውን አስቀብረው ነው የሚሄዱት። ልጅቱ አምስት ዓመት ሠርታ ትመለሳለች፤ ወይም ትባረራለች፤ ታገባለች፤ በአማቷ ፊት "ክንዴ ላይ ነገር አለ" ብላ መናገር አትችልም፤ ለምን አስገባሽ ይከተላልና። ካርዷ ደግሞ ገና በረሃው ላይ ጠፍቷል። እንዲህ ያለችው ጤና ጣቢያ ስትመጣ "ባልሽን ይዘሽ ነይ" ቢሏት ወደ ቤቷ አትመለስም፤ ወደ አንዱ ምላጭ ወደያዘ ሰው ነው የምትሄደው።

ወንዶቹንም አልረሳሁም። ከጦርነቱ በኋላ ጥይትና ፍንጣሪ በሰውነቱ ይዞ የሚኖር ሰው በጨፋ ሜዳ ዙሪያ ብዙ ነው። እዚህ ላይ ግን ልዩነት አለ። ሐኪም "ይህ ፍንጣሪ ካልነካነው አይጎዳህም፤ ብናወጣው ነው የሚጎዳህ" ብሎ ሊተወው ይችላል፤ ትክክለኛ ሕክምናም ነው። የታወቀ፣ የተወሰነ፣ ለሰውየው የተነገረ ነገር ነው። የሥራ ባልደረባዬ ግን ለኩላሊት ጠጠር በሽንት ቱቦው ውስጥ ቀጭን ቱቦ ገብቶለት፣ በጥቂት ወራት ውስጥ መውጣት ሲገባው ማንም ሳያስታውሰው ዓመት አልፎት፣ ቱቦው ራሱ ጠጠር ሠርቶ በሁለት ቀዶ ሕክምና ነው የወጣለት። ሐኪሙ አልወሰነም፤ መዝገቡ ረሳ። ውሳኔና መርሳት ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ዘንድ ነገሩ ውስጥ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ ነገር አልጠይቅም። ማውጣት የምትችል ሰው በእግር በሚደረስበት ቦታ ሳትኖር ማስገባት ይቁም ብል ብዙ ሴቶችን እጎዳለሁና አልልም። ነገር ግን በኛ ዞን ሰው ሁሉ የሚገናኝበት የገበያ ቀን አለ። ሰንበቴ እሑድ ነው፤ ባቲ ሰኞ ነው፤ ከደጋው የአማራው፣ ከሜዳው የኦሮሞው፣ ከቆላው የአፋሩ ሴት ቅቤና እህል ይዛ ትመጣለች። በገበያ ቀን፣ በገበያው አጠገብ ባለው ጤና ጣቢያ፣ አንዲት የለመደች ነርስ ማደንዘዣና ምላጭ ይዛ ብትቀመጥ፣ ገበያ የወጣች ሴት ለማንም ሳትናገር አስወጥታ ትመለሳለች። ካርዱ በዞኑ የሥራ ቋንቋ በኦሮምኛና በአማርኛ ይታተም። "ባልሽ ያውቃል?" የሚለው ጥያቄ ሲገባ ካልተጠየቀ ሲወጣም አይጠየቅ። በግምገማውም ላይ የወጣው ከገባው እኩል በክብር ይነገር። ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ማደንዘዣና ምላጭ ከመጋዘን ዕቃ ሁሉ ርካሽ ናቸው። እርግጥ ነው ሰላም ያስፈልጋል፤ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በመንግሥትና በፋኖ መካከል የተቀሰቀሰው ውጊያ ባለበት ሦስት ሰዓት በእግር ሂጂ ማለት ራሱ ሌላ ፍርድ ነው። ታዲያ መንገዱ ሰላም በነበረበት ዘመንስ መቼ አወጣን?

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት የአክስቴን ልጅ ዘንግ ያስገባችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አግኝቼ ነበር። ልወቅሳት ነበር የሄድሁት፤ እውነቱን ልናገር። ከ15 ዓመት በላይ በዚያው ቀበሌ ያገለገለች፣ የምታውቀው እናት ሁሉ በስሟ የምትጠራት ሴት ናት። ሻይ አዘዘችልኝና እንዲህ አለችኝ፦ "ዶክተር፣ ማውጣቱንም አስተምሩን እያልን ስንት ስብሰባ ላይ እጅ አውጥተናል። ገበያ ስወጣ ክንዳቸውን ይዘው መንገድ ላይ ያቆሙኛል፤ አንዳንዶቹ ቀድመው ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። የገባው በእኔ እጅ ነዋ።" ከዚያም የራሷን እጅጌ ትንሽ ሰብሰብ አደረገችና በጣቷ ነካ አድርጋ አሳየችኝ። የእሷም አለች። ቀኗ ካለፈ ስምንት ወር ሆኗታል፤ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ተራ እየጠበቀች ነው።

ቸር እንሰንብት።